አሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ

አያንቱ ገመዳ የዓመቱን ትልቅ ውድድር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀምራ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ትጨርሳለች።

የመኸር ዋንጫ የሚባል የጎልፍ ውድድር ነው። ኅዳር ላይ ሱሉልታ ሜዳ ይካሄዳል። አራት ቀን ይፈጃል፤ ስልሳ ሁለት ሴቶች ይሰለፉበታል። ደንቡ እንደሚለው እያንዳንዷ ተጫዋች በየቀኑ አሥራ ስምንት ጉድጓድ ትዞራለች፤ ኳሷን በትንሽ ምት ያስገባች ታሸንፋለች። አያንቱ ግን ሦስት ጉድጓድ እንኳ አይሞላላትም፤ ያውም በመጀመሪያው ቀን ብቻ። ሦስተኛው ላይ መትታ ኳሷ ሣሩ ላይ ሲያርፍ፣ ወገቧ ላይ የታሰረው፣ አዋቂ የሚሉት ትንሽ መሣሪያ "ታውቋል" ይላል። ድምፁ የሴት ነው፤ ትሑት ነው። አያንቱ ጎንበስ ብላ ኳሷን ታነሳለች፤ ባርኔጣዋን ታወልቃለች፤ ወደ መኪናዋ ትሄዳለች። የቀረውን አዋቂው ያውቀዋል። የዛሬውንም፣ የነገውንም፣ የአራተኛውን ቀንም።

ራት ላይ ልጇ ሚልኪ ስክሪኑን ትከፍታለች። እዚያ አያንቱ አሥራ አራተኛው ጉድጓድ ጋ ናት። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች። እንዲህ ያለ ሹራብ የላትም። ነፋሱ ፀጉሯን ያነሳዋል። ትመታለች፤ ኳሱ ዛፍ ስር ይገባል።

"እማ፣ እዚህ ጋ ቸኮልሽ" ትላለች ሚልኪ እየጎረሰች።

"ቸኮልኩ?"

"ሁልጊዜ አሥራ አራተኛው ላይ ትቸኩያለሽ።"

አያንቱ አሥራ አራተኛውን ጉድጓድ ከረገጠች አሥራ አምስት ዓመት አልፏታል።

ሚልኪ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ፈተና ገብታ አራተኛው ጥያቄ ላይ ትወጣለች። ጎበዝ ስለሆነች ነው፤ ሰነፎቹ እስከ ስምንተኛው ይቆያሉ። ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ሕመሙን ተናግሮ ሳይጨርስ መድኃኒቱ ይመጣለታል። ፍርድ ቤት ሁለተኛ ምስክር ከተጠራ ብዙ ዘመን ሆኗል። ሰው ለምዶታል። ብዙ የሚቆይ ሰው ያልታወቀ ሰው ነው፤ አለመታወቅ ደግሞ ያሳፍራል።

አያንቱ ሜዳ የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ አሥራ ስምንቱንም ትዞራለች። ማምሻውን እግሯ አብጦ ትመለሳለች። በሃያ ሦስት ዓመቷ የመጀመሪያውን ዋንጫ ስታነሳ አዋቂው አሥራ ሰባተኛው ላይ "ታውቋል" አላት። ሰው አጨበጨበ። እናቷ ደውላ አለቀሰች። በሃያ ስድስት ዓመቷ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሆነ። ናይሮቢና ካዛብላንካ አሸንፋ ስትመጣ ዘጠነኛው ላይ። ሚልኪን ወልዳ ስትመለስ ግን ወደ አሥራ አንደኛው ወጣባት፤ ያን ሰሞን ከሰው ተደበቀች። ከዚያ እንደገና ወረደ። ስድስት፣ አምስት፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ሦስት። ከሦስት በታች የወረደ የለም። ስሟ በገነነ ቁጥር ቀኗ አጠረ። አሁን አርባ አንድ ዓመቷ ነው።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ያለውን ቀን ምን እንደምታደርግበት አታውቅም። ቤት ውስጥ ትዞራለች። መጋረጃ ታጥባለች፤ ሳይደርቅ ታወርደዋለች፤ መልሳ ትሰቅለዋለች። ደጅ ቆማ እጇን ትከፍታለች፣ ትጨብጣለች። መዳፏ ለስልሷል። ድሮ ጣቶቿ ስር የነበረው መጅ ጠፍቷል። የት እንደነበረ በአውራ ጣቷ ትፈልገዋለች።

በ2094 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከፌዴሬሽኑ ሰው መጣ። ልዑልሰገድ ይባላል። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ገባ፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ወይዘሮ አያንቱ፣ እንኳን ደስ አለዎት" አለ። "ለሙሉ ዕውቅና በቅተዋል። እስከ ዛሬ ለስድስት ሰው ብቻ ነው የተሰጠው።"

"ምን ማለት ነው?"

"ከእንግዲህ ሜዳ መምጣት አይጠበቅብዎትም ማለት ነው። ሦስቱም ጉድጓድ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ያለው ውድድርዎ በሙሉ ታውቋል። እስከ ሃምሳ ስድስት ዓመትዎ ይጫወታሉ።"

"ቤቴ ቁጭ ብዬ?"

"የፈለጉበት ሆነው።" ወረቀት ገለጠ። "የመኸር ዋንጫን ሁለት ጊዜ ያነሳሉ። አርባ ዘጠኝ ዓመትዎ ላይ ትከሻዎን ያመዎታል፤ አንድ ዓመት ያርፋሉ። ከዚያ ይመለሳሉ። መመለስዎ በጣም ይወደዳል። ሃምሳ ስድስት ላይ በክብር ይሰናበታሉ። የስንብት ንግግሩ እዚህ አለ፤ ማየት ይችላሉ።"

"ምን እላለሁ?"

"ቦርሳ ያዥዎን ጋሽ ደቻሳን ያመሰግናሉ። እዚያ ላይ ድምፅዎ ይቆራረጣል።"

አያንቱ ወረቀቱን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

"የሚያመኝ የትኛው ትከሻዬ ነው?"

"ግራው።"

ግራ ትከሻዋን በእጇ ያዘች። ምንም አላመማትም።

"አስካለ ፈርማለች አይደል?"

"ከሦስት ዓመት በፊት።"

አስካለ ወንድይፍራው የአያንቱ ዘመን ተጫዋች ናት። ሃያ ዓመት ሲበላለጡ ኖረዋል። አምና አስካለ ከደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል፤ በከዘራ ነው የምትሄደው። ባለፈው መጋቢት አያንቱን በሁለት ምት አሸንፋታለች። አያንቱ ልትጠይቃት ሄዳ ነበር። አስካለ ሶፋ ላይ ተጋድማ፣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ "አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ትደርሺብኛለሽ" አለቻት። አያንቱ ቀልድ መስሏት ሳቀች። አስካለ አልሳቀችም።

"የኅዳሩን ልጫወትና እፈርማለሁ" አለች አያንቱ።

"እንደዚያ እንደሚሉ ታውቋል" አለ ልዑልሰገድ ፈገግ ብሎ። "ፊርማው የተያዘው ከውድድሩ ማግስት ነው።"

ወረቀቱን ትቶላት ሄደ። አንብቢ ያላት የለም፤ ግን ቀኑ ረጅም ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ከወጥ ቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ወጥ ቤት ይዛው ዞረች። ጀርባው ላይ በደቃቃ ፊደል ፈራሚዋ የምትተዋቸው መብቶች ተዘርዝረዋል። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ "ከታወቀ በኋላ ኳስ ሳያነሡ ዙሩን እስከ መጨረሻው በእጅ የመጫወት መብት። የመጨረሻው ኳስ ሲገባ ሁለት ሰዎች በዓይናቸው ካዩ፣ በእጅ የተጫወቱት በታወቀው ፈንታ ይያዛል። ቦርሳ ያዥ ምስክር አይሆንም።"

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ይህ መብት እንዳላት አታውቅም ነበር። የነገራት የለም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። አዋቂው "ታውቋል" ሲል ኳስ ይነሳል። አለማንሳት አልተከለከለም፤ ነውር ነው እንጂ። ቀብር ላይ አፈር ከተመለሰ በኋላ አልሄድም ብሎ እንደመቆም ያለ ነገር ነው።

ወረቀቱን አጥፋ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ጋሽ ደቻሳ የዱላ ቦርሳዋን መያዝ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ትንሽ ይናገራሉ። ዱላዎቿን የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው፤ እጀታውን ቤታቸው ወስደው በቆዳ ይጠቀልሉታል፣ ብረቱን ይሞርዳሉ። በየዱላው እጀታ ቆዳ ስር የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነገር አለች። አያንቱ የትኛውን ዱላ እንደያዘች ለአዋቂው የምትናገረው ያች ፍሬ ናት።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ብርድ ነበር። የታወቁት ስለሚቀድሙ አያንቱ የመጀመሪያዋ ሆና ወጣች። አንደኛውንና ሁለተኛውን ጉድጓድ እንደ ወትሮው ጨረሰች። ሦስተኛው ላይ ሰባት ቁጥር ዱላ ተቀብላ መታች። ኳሱ ሁልጊዜ የሚያርፍበት ቦታ አረፈ።

"ታውቋል" አለ አዋቂው።

ሄዳ ኳሷ አጠገብ ቆመች። ጎንበስ አላለችም።

"ኳስሽን" አሉ ጋሽ ደቻሳ።

"አላነሳም።"

"ታውቋል እኮ አለ።"

"ሰምቻለሁ። እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ። መብት አለኝ፤ ተጽፏል።"

ጋሽ ደቻሳ ቦርሳውን መሬት አስቀመጡ። "መጨረሻው የት ነው?"

"አሥራ ስምንተኛው።"

"እሱማ የት እንዳለ አውቃለሁ።" ፊቷን አዩት። "ቁርስ በልተሻል?"

"በልቻለሁ።"

"በደንብ?"

"ጋሽ ደቻሳ፣ ከመጡ ይምጡ።"

ሦስተኛውን ጨርሳ ወደ አራተኛው ሄደች። ሽማግሌው ጥቂት ቆመው ተከተሏት። በእነዚያ ዓመታት ቦርሳ ይዘው ከእሷ ርቀው ወደ ኋላ ሲቀሩ ያን ዕለት የመጀመሪያቸው ነበር።

አራተኛው ረጅም ነው። የቦርሳው ትልቁ ዱላ፣ የእንጨቱ፣ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። አያንቱ ተቀብላ ተመቻቸች። ስትመታ ድምፁ ጥሩ ነበር። ኳሱ ወጣ፣ ሄደ፣ ከዚያ ያለጊዜው ወረደ። አንድ ደረቅ ቦይ ውስጥ ገባ። ድሮ ያን ቦይ አስተውላው አታውቅም፤ ኳሷ በላዩ ያልፍ ነበር።

"ነፋስ ነው" አለች።

ጋሽ ደቻሳ ባሕር ዛፎቹን አዩ። ነፋስ አልነበረም።

ከቦዩ አውጥታ እንደገና በትልቁ መታች። አሁንም አጠረ። ቆማ አሰበች። ሰባት ቁጥሯ ጠዋት ድሮ ከሚደርስበት ደርሷል። ትልቁ ብቻ እንዴት ያጥራል? ክንድ አንድ ነው።

ወደ ሽማግሌው ዞረች። መሬት መሬት ያያሉ።

"ሰባት ቁጥርሽ ሰባት አይደለም" አሉ።

ሰባት ቁጥሩን ከቦርሳው መዘዘች።

"ስድስት ነው። ስድስትሽ ደግሞ አምስት።" በዱላ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኳሱ ይርቃል፤ ይህን ማንም ተጫዋች ያውቃል። "ከወለድሽ በኋላ ነው የጀመርኩት። አንዱን ዓመት አንዱን፣ ሌላውን ዓመት ሌላውን። ቁጥሩን በሞረድ ፍቄ ሌላ መታሁበት። ፍሬዋንም አዘዋወርኩ።"

"ለምን?"

"አሥራ አንደኛው ላይ ያለሽ ጊዜ ፊትሽን በባርኔጣ ሸፍነሽ ነው የወጣሽው። ቦርሳ ይዤ ከኋላሽ ነበርኩ።" አፍንጫቸውን በእጃቸው ጠረጉ። "ክንድ ይደክማል። የማንም ይደክማል። አንቺ እንዳታውቂ ብዬ ነው። አዋቂውም አላወቀ። ትልቁን ግን በምን ልተካው? ከእሱ የሚበልጥ ዱላ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትልቁን አይፈልጉም። አራተኛው ነው የሚፈልገው። አራተኛውን ደግሞ ከእንግዲህ የሚደርስበት የለም ብዬ ነው።"

አያንቱ ዱላውን ገልብጣ የብረቱን ቁጥር አየችው። ሰባት ይላል። በጥንቃቄ የተመታ ሰባት ነው።

"ታዲያ የሚያውቀው ማንን ነው?"

"የሠላሳ ዓመቷን አንቺን።"

"እሷ ናት እስከ ሃምሳ ስድስት የምትጫወተው?"

"እሷ ናት።"

ሜዳው ጸጥ ብሏል። ሩቅ፣ ሦስተኛው ላይ፣ ሌላ ተጫዋች ኳሷን አንስታ ባርኔጣዋን ስታወልቅ ይታያል።

"ዙሩን ከጨረስሽ ዱላዎቹን ይመረምራሉ" አሉ ጋሽ ደቻሳ። "ከታወቀው ጋር ልዩነቱ ብዙ ስለሚሆን ይመረምራሉ።"

"እርስዎስ?"

"ሜዳ አልገባም ማለት ነዋ።" ዝናብ ይመጣል እንደሚል ሰው ነው የተናገሩት።

አያንቱ ሰባት ቁጥሩን ቦርሳው ውስጥ መለሰችው። እጇ ሲከፈትና ሲጨበጥ ለራሷ አልታወቃትም።

"አንሺ ካሉኝ አነሳለሁ" አለች።

ሽማግሌው ቀና ብለው ሜዳውን አዩ። ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ ያለው አይታይም።

"አሥራ ስምንተኛው አጠገብ አንድ የኮሶ ዛፍ ነበር" አሉ። "ይኑር አይኑር እንጃ።" ቦርሳውን ትከሻቸው ላይ ጣሉት። "ሂጂ እንግዲህ። ፀሐይ ሳይጠነክር።"

አራተኛውን በዘጠኝ ምት ጨረሰች። ውጤቱን ወረቀት ላይ በራሷ እጅ ጻፈችው። ድሮ እንደዚያ ነበር፤ እርሳሱን ጋሽ ደቻሳ ኪሳቸው ውስጥ አገኙት።

እስከ ስምንተኛው ድረስ ሣሩ የታጨደ ነው፤ አዳዲስ ጀማሪዎች እስከዚያ ይደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ የሚሄድ የለም። ዘጠነኛው ላይ ሣሩ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ጉልበት። ባንዲራዎቹ የሉም። የአሥራ አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ እንቁራሪት ነበረች፤ ጋሽ ደቻሳ በሁለት ጣት አውጥተው ወደ ሣሩ ለቀቋት። አያንቱ መዳፏ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ። መሐረብ ጠቀለለችበት። አላቆመችም።

አሥራ አራተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። የሚልኪን ነገር አሰበች። አቅጣጫውን አየች፤ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ዱላውን ሁለት ጊዜ ሞከረች። አልቸኮለችም። መታች። ኳሱ ዛፍ ስር ገባ።

ጋሽ ደቻሳ ሳል ያዛቸው። ሳቅ ሳይሆን አይቀርም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አሥራ ስምንተኛው ደረሱ። ኮሶው አለ። ሜዳው ግን የለም። ከአጥር እስከ አጥር ገብስ ነው፤ ደርሷል፤ ቢጫ ሆኗል። ግማሹ ታጭዷል። መካከሉ ላይ የሜዳው ጠባቂ ኩምሳ ማጭድ ይዞ ቆሟል።

"እትዬ አያንቱ" አለ ኩምሳ። "ምነው፣ መኪናው ተበላሸ?"

"አንተ ኩምሳ" አሉ ጋሽ ደቻሳ፣ "አሥራ ስምንተኛው የት ሄደ?"

"የትም አልሄደም። ይኸው።"

"ገብስ ነው እኮ።"

"ገብስ ነው። መሬት ጦሙን ሲያድር አላስችለኝ አለ።" ወደ አያንቱ ዞረ፤ ጥፋተኛ እንዳልሆነ ሰው። "እርስዎ በየዓመቱ እዚህ ላይ ሲመቱ ማታ በስክሪን አይዎታለሁ። ጠዋት መጥቼ ሳይ አንድ ዘለላ አይታጠፍም። ማንን ጎዳሁ?"

"ማንንም" አለች አያንቱ። "ጉድጓዱን ግን እፈልገዋለሁ።"

ኩምሳ ራሱን አከከ። ጉድጓዱ የት እንደነበረ ረስቷል፤ ሁለት ጊዜ አርሶበታል። ጋሽ ደቻሳ ኮሶው ስር ሄደው ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጡ። ቦርሳ ያዥ ሜዳውን የሚያውቀው በእግሩ ነው፤ ሁሉም ጉድጓድ በእርምጃ ተቆጥሮ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። አርባ ሁለት ቆጥረው ቆሙ። ኩምሳ በመቆፈሪያ ቆፈረ። አፈር ብቻ ነው።

"አርባ ሁለት ነበር" አሉ ሽማግሌው። እግራቸውን አዩት። ጥቂት አሰቡ። "እርምጃዬ አጥሯል።" አራት ጨመሩ።

ኩምሳ ሲቆፍር መቆፈሪያው ብረት ነካ። የጉድጓዱ ከንፈር ነበር። አፈሩን በእጁ ዛቀ፤ ዙሪያውን በማጭድ መለጠው። ሁለት ክንድ የማይሞላ ጠፍ ሆነ።

አያንቱ ወደ መነሻው ተመልሳ አሥራ ስምንተኛውን ጀመረች። ኳሱ ሁለት ጊዜ ገብስ ውስጥ ጠፋባት፤ ሁለት ጊዜ ኩምሳ አገኘላት። ለጉድጓዱ መቶ እርምጃ ያህል ሲቀራት በአጥሩ በኩል ትንሽ መኪና መጣች። ልዑልሰገድ ወረደ። እጁ ላይ የብር ሳህን ይዟል። ገብሱን እየገፋ መጣ፤ ሱሪው ላይ እሾህ ተሰካበት።

"ወይዘሮ አያንቱ፣ ቤትዎ ሄጄ አጣሁዎት" አለ። "ሁለተኛ ወጥተዋል። አራቱም ቀን ተገልጿል። እንኳን ደስ አለዎት።"

"ዙር ላይ ነኝ።"

"ይህማ አልታወቀም።" ሳህኑን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዞረ። "አሁን እቤት ነበር መሆን ያለብዎት። መጋረጃ እያጠቡ።"

አያንቱ መዳፏ ላይ ያለውን መሐረብ አጠበቀች። ከዚያ ወረቀቱን ከጃኬቷ አውጥታ አራተኛውን መስመር በጣቷ አሳየችው።

"ሁለት ምስክር እፈልጋለሁ። ኩምሳ አንድ ነው።"

ልዑልሰገድ አነበበው። እሱም ከዚያ በፊት ያነበበው አይመስልም። "ካየሁ መመስከር አለብኝ" አለ።

"ዓይንህን ጨፍነህ መቆም ትችላለህ" አሉ ጋሽ ደቻሳ። "ወይም መኪናህ ያውና።"

ልዑልሰገድ ወደ መኪናው አየ። አልሄደም።

"ዘጠኝ ቁጥር" አለች አያንቱ እጇን ዘርግታ።

"የትኛውን ዘጠኝ?"

"እውነተኛውን።"

ሽማግሌው ቦርሳው ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ። ከታች፣ ከዝናብ ልብሱ ስር፣ አሮጌ ዘጠኝ ቁጥር አወጡ። እስከ ዛሬ ይዘውት ይዞሩ ነበር። አያንቱ አየችው፤ ከዚያ ርቀቱን አየች። "ይህ አይደርስም" አለች።

"አይደርስም።"

"እንግዲያው ስምንት ይስጡኝ።"

"ዘጠኝ የሚለው ነው ስምንቱ" አሉና ሰጧት። ሁለቱም ፈገግ አሉ።

"ወዴት ነው የሚሄደው?" አለ ልዑልሰገድ።

"እንጃ" አለች።

መታች። ኳሱ ተነሳ። ልዑልሰገድ አንገቱን ቀና አድርጎ ተከተለው፣ ከዚያ ሰማይ ላይ ጠፋበት። "የት አለ?" አለ። የሚያውቅ አልነበረም። ሳህኑን ገብሱ ላይ ጥሎ ሮጠ። ኩምሳም ተከተለው። ኳሱን ያገኘው ልዑልሰገድ ነው፤ ቃርሚያው መካከል፣ ከጉድጓዱ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ። እንዳይነካው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አጠገቡ ቆመ። ላብ ፊቱ ላይ ይወርዳል።

በሦስት ምት አስገባችው። ሦስተኛው ወደ ጉድጓዱ ሲንከባለል ከንፈሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወደቀ። ብረቱ ውስጥ ድምፅ ሰጠ።

ወረቀቷ ላይ ደምራ ጻፈች። ዘጠና ስድስት። በስክሪኑ ያለችው አያንቱ በዚያ ቀን ሰባ ነው ያመጣችው። ኩምሳ ፈረመ። ልዑልሰገድ እርሳሱን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ በእጁ መጻፍ አልለመደም።

"ሙሉ ዕውቅናው አይፈረምም" አለ እርሳሱን ሲመልስ። "አሁን አይታወቁም።"

"እስክታወቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"እሱም አይታወቅም።" ሳህኑን ከገብሱ ውስጥ አነሳው፤ አቧራውን በክንዱ ጠረገ፤ ለማን እንደሚሰጠው ግራ ገብቶት ወደ መኪናው ይዞት ሄደ።

ዱላዎቹ ተመረመሩ። ጋሽ ደቻሳ ሁለት ዓመት ሜዳ እንዳይገቡ ተወሰነ። ሲጠየቁ አልካዱም፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ተናገሩ። ፍሬዎቹን ወደ ቦታቸው የመለሱት ራሳቸው ናቸው፤ እጀታዎቹንም በአዲስ ቆዳ ጠቀለሉላት።

የመጋቢቱ ውድድር ዋዜማ ሚልኪ ስክሪኑን ከፈተች። የሌሎቹ ስልሳ አንድ ተጫዋቾች የአራት ቀን ውጤት አስቀድሞ በግምት ተደርድሯል። አስካለ ሦስተኛ ናት። ከታች የእናቷ ስም አለ፤ አጠገቡ ባዶ ነው።

"እማ፣ የለሽም።"

"አለሁ።"

"ስንተኛ ትወጫለሽ?"

"የመጨረሻ ይመስለኛል።"

ሚልኪ ጎርሳ አላመጠች። "አሥራ አራተኛው ላይ ግን አትቸኩዪ" አለች።

ጠዋት አያንቱ ቦርሳዋን ራሷ ይዛ ገባች። ያልታወቁት የሚወጡት መጨረሻ ስለሆነ አምስት ሰዓት ድረስ ቆማ ጠበቀች፤ ብርዱ አልፎ ፀሐዩ ወጥቶ ነበር። ከአጥሩ ውጭ፣ በመንገዱ በኩል፣ ጋሽ ደቻሳ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከእሷ እኩል ይሄዳሉ። ሰላም አላሉም። ስትቆም ይቆማሉ።

ሦስተኛው ላይ በእውነተኛው ሰባት ቁጥር መታች። ኳሱ ድሮ ከሚያርፍበት ወደ ኋላ ቀርቶ አረፈ። ሄዳ አጠገቡ ቆመች። እንደ ልማዷ ጠበቀች። እጇ ወደ ባርኔጣዋ ሄደ።

ወገቧ ላይ ያለው ዝም አለ።

ከአጥሩ ወዲያ ሽማግሌው ወደ ሰማይ ያያሉ፤ የሰዓቱን ነገር እያሰቡ ነው። ባርኔጣዋን አጥብቃ ወደ አራተኛው ሄደች። ትልቁን ዱላ አውጥታ መታች። ኳሱ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ቦርሳዋን አንስታ ልትፈልገው ወረደች።